ማሳው ላይ የሚሰጥ ፍርድ፦ የጋራ ምርምር ዳሰሳ

የጋራ ምርምር አጥኚው፣ የመስክ ባለሙያውና የአካባቢው ነዋሪ ጥያቄውን አብረው የሚያነሡበት፣ ማስረጃውን አብረው የሚሰበስቡበትና ውጤቱን አብረው የሚመዝኑበት አሠራር ነው። መጠይቅ ሞልቶ የሚሰናበት ነዋሪ መረጃ ሰጪ ነው እንጂ የምርምሩ ባለቤት አይደለም። ባለቤት የሚሆነው ፍርዱ የመጨረሻውን ውሳኔ መለወጥ ሲችል ነው።

በቅርብ ዓመታት ለዚህ አሠራር ጠንካራ ማስረጃ ካስገኙት ቦታዎች አንዱ የኢትዮጵያ ደጋ ነው። 30 ሴቶችና 30 ወንዶች ገበሬዎች በአማራና በትግራይ በተዘሩ የሙከራ ማሳዎች እየተዘዋወሩ 400 ዓይነት የማካሮኒ ስንዴ መዘኑ። ከዚያም የተመረጠው ዘር ለ1,165 ማሳዎች ተከፋፈለ። እያንዳንዱ ገበሬ ጥቂት ዓይነት ብቻ ተቀብሎ በራሱ መሬት ዘራ፤ የትኛው እንደሚበልጥና የትኛው እንደሚያንስም ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ይህን ፍርድ ከዘረ መልና ከአየር ንብረት መረጃ ጋር አጣመረ። ዝርያው በገበሬው መሬት እንዴት እንደሚሆን በመተንበይ ረገድም በተለመደው መንገድ ከሚገኘው ትክክለኛነት እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል አሳየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የምርምር ጣቢያ መሬት የተስተካከለና እንክብካቤ ያልተለየው ሲሆን፣ የደጋ ማሳ ግን ከአንዱ ተዳፋት ወደ ሌላው ሲሻገሩ አፈሩም እርጥበቱም ይለያያል።

ከስንዴው በፊት ጤፍ ተመሳሳይ ትምህርት ሰጥቶ ነበር። ማኛ የተባለው ዝርያ በንጣቱ በገበያ ይወደዳል፤ ምርቱ ግን አነስተኛ ነው። ዱከም ደግሞ ብዙ ያፈራል፤ ነገር ግን በቀለሙ ገዢ አይማረክም። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ሁለቱን አዳቅለው ገበሬዎች ራሳቸው እንዲመርጡ አደረጉ። በዚህ መንገድ የተገኘው ቁንጮ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቀቀ፤ በሰፊውም ተሠራጨ። አዳቃዩ ተመራማሪ የሚለካው በኩንታል ነው። ገበሬው ግን ስለ ገበያው፣ ስለ እንጀራው፣ ለከብቱና ለግድግዳ ጭቃው ስለሚሆነው ጭድም ያስባል።

አሠራሩ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የሥነ ልቦና ሊቁ ከርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ተግባራዊ ምርምር ከጻፈው ይነሣል፤ ኮሎምቢያዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ኦርላንዶ ፋልስ ቦርዳ በ1970ዎቹ ወደ ተሳትፏዊ ምርምር አሳደገው። የፖለቲካ ኢኮኖሚ ምሁሯ ኤሊኖር ኦስትሮምም አገልግሎት ያለ ተጠቃሚው ድርሻ እንደማይሟላ አሳየች። በኢትዮጵያ ዶክተር መላኩ ወረደ የእጽዋት ዘረ መል ማዕከልን እየመሩ የአገሩ ዘር በገበሬው እጅ እንዲጠበቅ ተከራከሩ።

በጤናው መስክ የእንዶድ ታሪክ ይጠቀሳል። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በመሆኑ ግኝቱ በሽታውን ለመከላከል መንገድ ከፈተ። መነሻው ግን ሴቶቹ በየዕለቱ የሚጠቀሙበት ዕውቀት ነበር። መላኩና አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸላሚዎች ሆነዋል፤ አክሊሉ ሽልማቱን ከባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተጋርተዋል።

በዘርፉ ትልቁ ክርክር ውጤቱ የማን ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት የጤፍን ጥቅም ለመጋራት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ በኋላም ከሰረ። ለኢትዮጵያ የተጠበቀው ጥቅም አልደረሰም። ይህ የፈጠራ መብት በኔዘርላንድ ፍርድ ቤት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። ትውልዶች መርጠው ያቆዩት እህል እንዲህ ዓይነት ክርክር ውስጥ የገባው፣ አብሮ መሥራት በጠንካራ ስምምነት ካልታሰረ ሌላው ወገን ብቻ ሊጠቀምበት ስለሚችል ነው።

ሕጉ በበኩሉ መሠረት ጥሏል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብን ዕውቀት ለመጠቀም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን ያስገድዳል፤ ከዘረ መል ሀብቱ መንግሥት ከሚያገኘው የገንዘብ ጥቅምም 50 በመቶው ለማኅበረሰቡ እንዲሆን ይደነግጋል። ስለዚህ ማንኛውም የጋራ ምርምር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ሊሰፍሩ ይገባል፦ ጥያቄውን ያነሣው ማን እንደሆነ፣ ዝርያውን ወይም መፍትሔውን የሚመርጠው ማን እንደሆነ፣ ከጥቅሙም ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ። ሦስቱ ያልተመለሱበት ጥናት የጋራ ተብሎ መጠራት የለበትም።