«ይበልጣል»ና «ይሻላል»

ልጆች ሆይ፥ አንዱን ነገር ከሌላው ስናስተያይ በስሙ ፊት «ከ»ን እናስቀድማለን፤ «ወርቅ ከብር በዋጋ ይበልጣል» እንላለን። ግዕዝም በዚሁ ስፍራ «እም» ይላል። እንግሊዞች ግን ቅጽሉን ራሱን ይለውጡታል፤ መልካሙን «ጉድ»፥ የሚሻለውን «ቤተር»፥ ከሁሉ የሚሻለውን «ቤስት» ይሉታል። (በ«ጉድ» አትሳቁ፤ በእነርሱ ዘንድ የምስጋና ቃል ነው።)

«ይበልጣል»ና «ይሻላል» ግን አንድ አይደሉም። ድንጋይ ከዳቦ በክብደት ይበልጣል፤ ለተራበ ሰው ግን ዳቦ ይሻላል። እዚህ በአብነት ሰፈር አንድ ልጅ ታናሽ ወንድሙን «እበልጥሃለሁ» ቢለው ስለ ዕድሜው ነው፥ እውነትም ነው። «እሻልሃለሁ» ቢለው ግን ስድብ ነውና ታናሹ ቢያለቅስ አይፈረድበትም። በምን እንደ ሆነ ለይቶ፥ «እኔ በዕድሜ እበልጥሃለሁ፤ አንተ ግን በንባብ ትበልጠኛለህ» ቢለው ሁለቱ አብረው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።