መሣሪያው ያው፣ ሕጉ ሌላ

በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ የሚነበብ የጦር መሣሪያ ክስ ዜማው አይለወጥም። ቀኑና ሰዓቱ ይቀድማል፤ ቦታውና የመኪናው ሰሌዳ ይከተላል፤ ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል፦ አንድ ታጣፊ ክላሽ ከነመለያ ቁጥሩ፣ ሁለት ካርታ፣ ይህን ያህል ፍሬ ጥይት። ጠበቃው ብዕሩን ይዞ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ይከተላል፤ በክሱና በኤግዚቢቱ መካከል አንዲት አኃዝ ብትፋለስ መከራከሪያ ትሆናለችና። ተከሳሹ ሾፌር ወይም ረዳት ከሆነ ዕቃው የራሱ እንዳልሆነ፣ አደራ ተቀብሎ እንደጫነ ይናገራል። ያስጫነው ሰው ግን ችሎቱ ፊት እምብዛም አይታይም።

ከፍርድ ቤቱ ወጥቶ ወደ ሰንጋ ተራ በእግሩ የሚሄድ ሰው እዚያው አካባቢ ያንኑ ክላሽ በሌላ ሰው ጭን ላይ ያየዋል። የባንክ ዘበኛ በመስታወቱ በር አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንዳንዱ ክላሽ ይዟል፤ አንዳንዱ ሰደፉ በእጅ ብዛት የወዛ ኤስኬኤስ። ገንዘብ ሊያወጣ የመጣ ሁሉ በአጠገቡ ሲያልፍ ዞር ብሎም አያየውም። ልዩነቱ ብረቱ ላይ የለም። የዘበኛው መሣሪያ የድርጅቱ ነው፤ ፈቃዱም የድርጅቱ። ሰውየው ነገ ሥራ ቢለቅ መሣሪያው እዚያው በሩ ላይ ይቀራል።

በእኔ አስተያየት የአገራችን የጦር መሣሪያ ሕግ ሰውን የሚያማርረው በጥብቅነቱ አይደለም። ጥብቅ ሕግ ይለመዳል። የሚያማርረው ጥያቄው ስለሚቀያየር ነው። አንዱ ጋ የምትጠየቀው ስለ መሣሪያው ዓይነት ነው፤ ሌላው ጋ ስለ ባለቤቱ ማንነት፤ ሦስተኛው ጋ የየት ወረዳ ሰው እንደሆንክ። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ቀርቶ ዕለቱ ብቻ ይወስናል፦ ትናንት የተፈቀደው ዛሬ ታግዷል፣ ትናንት የታገደው ዛሬ ተለምኗል።

በሌላው ዓለም የባለ መሣሪያው ንጭንጭ ብዙ ጊዜ ከተኩስ መለማመጃ ሜዳ ይነሣል፤ ይህ ዓይነት ይገባል፣ ያኛው አይገባም በሚል። እንግሊዝ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 በስኮትላንዷ ደንብሌን አንድ ታጣቂ ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና አንዲት መምህር ከገደለ በኋላ፣ በዓመቱ ሽጉጥ ለግለሰብ ተከለከለ። ክልከላው ስፖርተኛውንም አላስተረፈም። የአገሪቱ የሽጉጥ ተኩስ ተወዳዳሪዎች ለልምምድ ባሕር ማዶ ይመላለሱ ጀመር፤ ለንደን እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሊምፒክን ስታዘጋጅም ውድድሩ እንዲካሄድ መንግሥት ልዩ ፈቃድ መስጠት ግድ ሆነበት። ኢላማ ተኩስ ከ1896ቱ የአቴና ኦሊምፒክ ጀምሮ ያለ ስፖርት ነው፤ ሕፃናቱን የቀበሩ ወላጆች ፊት ግን ይህን ክርክር ማንሣት የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው። ሕጉ ስፖርተኛውን አስቸግሯል፤ ቢያንስ ግን ሁሉም ሰው ምን እንደተከለከለ ያውቅ ነበር።

እኛ ጋ ቅዳሜ ከሰዓት ወጥቶ ኢላማ መተኮስ የከተሜ መዝናኛ ሆኖ አያውቅም። ገጠሬውም ቢሆን ጥይቱን ለለቅሶና ለሠርግ ያወጣ እንደሆነ እንጂ ለጣሳ አያባክነውም። ስለዚህ የእኛ ምሬት ሜዳው ጋ ሳይደርስ፣ ገና ከቤት ሳይወጣ ይጀምራል።

ታሪኩም ረጅም ነው። ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው የባልቻ ሆስፒታል ስሙን የወሰደው ከአድዋው መድፈኛ ከደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ነው። ያ መድፍና በ1888 ዓ.ም. ዘማቹ የታጠቀው ጠመንጃ አገር የገባው ኃያላኑ ለአፍሪካ ዘመናዊ መሣሪያ እንዳይሸጥ ለማገድ ሲጣጣሩ በነበረበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የተፈረመው የብራስልስ ስምምነት ይህን ለማገድ የወጣ ነበር፤ የፈረንሳይ ነጋዴዎች ግን በጅቡቲ በኩል መሸጣቸውን አልተዉም። ከዚያ ቀደም ብሎም ባለቅኔው አርተር ራምቦ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ሸዋ ገብቶ ነበር። ከምኒልክ ጋር በዋጋ ሲከራከር የተመኘውን ትርፍ አላገኘም፤ ንጉሡ በገበያ ከእሱ ይበልጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የስምምነት ሰልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 መጨረሻ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውን መሣሪያ ለመቆጣጠር እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1923 ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ልትሆን ስትል ከቀረቡላት ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ ይኸው የመሣሪያ ቁጥጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 አዲስ አበባ ላይ ሌላ ውል ተፈረመ። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ለወረራ ስትሰናዳ ደግሞ ኃያላኑ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣሊያን መሣሪያዋን ራሷ ትሠራ ነበር፤ ኢትዮጵያ አትሠራም ነበር። በወረቀት ላይ እኩል የሆነው ክልከላ መሬት ላይ አንዱን ብቻ ትጥቅ አስፈታ። ኢትዮጵያዊ ባለ መሣሪያ «ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው» ሲባል ፊቱን የሚያጨማድደው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ውጅግራ፣ ሰናድር፣ አልቤን፣ ምንሽር፣ ለበን፣ ቤልጅግ፤ እነዚህ ሁሉ በየቤቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅለው ከአባት ለልጅ አለፉ። ከአምስቱ የአርበኝነት ዓመታት በኋላ ጠመንጃ ከንብረትነቱም በላይ የማንነት ማስረጃ ሆነ። ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባን ቤት ለቤት ሲያስፈትሽ ጓሮ የቀበረ፣ ጉድጓድ የጣለ ቤተሰብ ታሪኩን ዛሬም ያወራል። ከዚያ ወዲህ ላለው ትውልድ «ምዝገባ» እና «ገፈፋ» የሚባሉት ሁለት ነገሮች በጆሮ ላይ ተቀላቅለው ቀርተዋል። ለዛሬው የቁጥጥር ሥራ ትልቁ ዕዳም ይሄ ነው፤ ባለሥልጣኑ ሊመዘግብ ሲመጣ ባለቤቱ የሚሰማው ሊወሰድበት መሆኑን ነው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጉዳዩን በሁለት ደረጃ ነበር ያስቀመጠው። አንቀጽ 481 የተከለከለ የመሣሪያ ንግድን ይቀጣ ነበር፤ አንቀጽ 808 ደግሞ ቀለል ያለውን ጥፋት ከደንብ መተላለፍ ተራ ይመድበው ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነበር፤ አንድ ሽጉጥ በወገቡ ይዞ የተገኘ ሰው ወዴት ይመደባል የሚለው ጥያቄም ለጠበቆች የእንጀራ መብያ ነበር።

ከዚያ የሽጉጥ ጎርፍ መጣ። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ መንግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ ተያዘ ያለው ብዛት 21 መትረየስ፣ ከ33 ሺህ በላይ ሽጉጥ፣ 275 ጠመንጃና 300 ሺህ ጥይት ነበር። ቁጥሩን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ጠመንጃ ከመቶ በላይ ሽጉጥ ማለት ነው። «የአባት መሣሪያ»፣ «የአካባቢው ባህል» እየተባለ የሚከበረው ጠመንጃ ነው፤ የማንም አያት የቱርክ ሽጉጥ አላወረሰም። የኮንትሮባንዱ ዕቃ አዲስ፣ ትንሽ፣ በጃኬት ሥር የሚደበቅ የከተማ ዕቃ ነበር።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣው በዚህ መካከል ነው። ያለ ፈቃድ ማስገባትን፣ መያዝን፣ ማከማቸትን፣ መሸጥንና ማዘዋወርን ከለከለ፤ ቅጣቱን አከበደ፤ የፈቃድና የምዝገባ ሥርዓት ዘረጋ። ለባህሉም በር ተወለት፤ መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነበት አካባቢ ያለ ሰው በእጁ ያለውን አስመዝግቦ ፈቃድ እንዲያገኝ ፈቀደ። አስተዋይ ድንጋጌ ነው። መንዝ ወይም ጎጃም ላይ ወርዶ ክላሽ ሁሉ ሕገ ወጥ ነው ማለት አገሩን በሙሉ ወንጀለኛ ማድረግ በሆነ ነበር።

ችግሩ ልማድ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ልማዱ የሰውየው ነው ወይስ የመሬቱ? ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የመንዝ ልጅ ልማዱን ይዞት መጥቷል ወይስ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ላይ ጥሎት መጥቷል? አዲስ አበባ ግማሽ ሰዉ ከሌላ አገር የመጣባት ከተማ ናት፤ የዚህ ጥያቄ መልስ በአንድ ግልጽ ወረቀት ላይ ተጽፎ በየጣቢያው በር ላይ ተለጥፎ መገኘት ነበረበት። ሰው ሕጉን የሚያውቀው ግን በወሬ ነው፦ ከጎረቤት፣ ከሚሊሻ፣ ቀድሞ ከተያዘ ዘመድ።

አዋጁ ገና ሳይለመድ ታላላቅ የፖለቲካ መዝገቦች ውስጥ ገባ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በእነ ጃዋር መሐመድ ላይ ከቀረቡት ክሶች መካከል ይህንኑ አዋጅ መተላለፍ የሚል ነበረበት። መዝገቡ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ክሱ ሲቋረጥ ተዘጋ፤ ስለዚህም ስለ አዋጁ ሊነሣ ይችል የነበረው ክርክር በዚያ መዝገብ የመጨረሻ ፍርድ ሳያገኝ ቀረ።

ከሁሉም በላይ ግን ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደቡብ እየተገፋ ደሴና ኮምቦልቻ በዜና በሚነሡበት ሰሞን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአዲስ አበባ ሰላምና ፀጥታ ቢሮ በዚያው ዕለት ነዋሪው በእጁ ያለውን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ በአቅራቢያው ፖሊስ ጣቢያ እንዲያስመዘግብ፣ በየሰፈሩም ተደራጅቶ አካባቢውን እንዲጠብቅ ጠየቀ። በጥበቃው መሳተፍ የማይችል ደግሞ መሣሪያውን ለመንግሥት ወይም ለቅርብ ዘመዱና ወዳጁ እንዲሰጥ ተባለ።

ይህን የመጨረሻ ሐረግ ከአዋጅ 1177 ጎን ማንበብ ነው። ፈቃድ በሰው ስም የሚሰጠው መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዞር ነው። ከሁለት ዓመት ያነሰ ዕድሜ ያለው ሕግ የከለከለው ነገር በአንድ መግለጫ የዜግነት ግዴታ መሰለ። ቀኑ ክፉ ነበር፣ ፍርሃቱም የእውነት ነበር፤ ትዕዛዙን ያወጣው ሰው ላይ ጣት መቀሰር አልፈልግም። የዚያን ሰሞን ለአጎቱ ልጅ ያስረከበ ሰው ግን በየካቲት አስቸኳይ ጊዜው ሲነሣ መሣሪያው በማን ስም እንደቆመ ጠበቃ ሊጠይቅ ይገደድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሁኔታ ምክንያት በታወጀው ሌላ አስቸኳይ ጊዜ ደግሞ መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስ ራሱ ተከለከለ። አንድ ሰው በሃያ አንድ ወር ልዩነት በአንዱ አዋጅ ታጠቅ፣ በሌላው አትንቀሳቀስ ተብሏል።

ኬንያ በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. ሌላ መንገድ ሞከረች። የሲቪሎችን የመሣሪያ ፈቃድ በሙሉ ሰርዛ፣ ባለ ፈቃዱ ሁሉ በ90 ቀን ውስጥ ቀርቦ ዳግም እንዲመረመር አዘዘች። ባለ መሣሪያዎቹ አጉረመረሙ፣ ሰልፉም አታከተ። ግን ጊዜው፣ ቢሮውና የሚጠየቀው ሰነድ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። የኬንያ ባለ ፈቃዶች ቁጥር ትንሽ ነው፤ በየተራራው ክላሽ ባለበት አገር ያው ሥራ እንዲያ አይቀልም። መቅዳት የሚቻለው ቅደም ተከተሉን ነው።

ወደ ተራው ሰው ልመለስ። አባት ገጠር ሞተ። መሣሪያው የተመዘገበው በእሱ ስም ነው፤ ልጁ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። መሣሪያው ውርስ ሊሆን ይችላል፤ በአባት ስም የተጻፈ ፈቃድ ግን ልጁን አያውቀውም። ልጁ ሕግ አክባሪ ነኝ ብሎ ሊያስረክብ ወይም ስሙን ሊያዛውር ቢነሣ፣ ወደ ጣቢያው ለመሄድ መጀመሪያ መሣሪያውን መሸከም አለበት። ከቤቱ እስከ ጣቢያው ባለው መንገድ ላይ ኬላ አለ። ኬላው ላይ የሚያዘው በእጁ ባለው ነገር ነው፤ በልቡ ባሰበው አይደለም። ቢያዝ ደግሞ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ከሾፌሩና ከረዳቱ ክስ አይለይም፦ አንድ ክላሽ፣ የመለያ ቁጥር፣ ሁለት ካርታ።

የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሟች ያስመዘገበውን መሣሪያ ለማስረከብ በስልክ ጠርቶ ፖሊስን እቤት ድረስ ማስመጣት የሚያስችል አሠራር፤ ላስረከበው ሰው የመሣሪያው ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ፤ የትኛው ዓይነት መሣሪያ ለግለሰብ እንደሚፈቀድ፣ ጥይቱ ተለይቶ እንዴት እንደሚጓጓዝ የሚናገር አንድ ገጽ ማስታወቂያ፤ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅም የቀደመው ፈቃድ ጸንቶ መቆየቱን ወይም መታገዱን በቁርጥ የሚያስቀምጥ አንድ አንቀጽ። ይህ እስኪኖር ድረስ ልጁ የሚያዋጣውን ያውቃል። መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ እናቱ ቤት ጣሪያ ሥር ይተወዋል፤ ሰው ቢጠይቀውም አባቴ ሸጦታል ይላል።