ቪዲዮ ከኢንተርኔት ማውረድ ስለሚቆምበት ምክንያትና ስለ አመረማመሩ፤ ከአሰቦት በተገኘ ምሳሌ የተደገፈ ማብራሪያ

መግቢያ

አሰቦት በአዋሽና በሚኤሶ መካከል፣ በቀድሞው የምድር ባቡር መስመር ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ትንሽ ከተማ ናት። በሩቅ ያለ ሰው ስሟን የሚያውቀው ይበልጡን በተራራው ላይ ስላለው ስለ ደብረ ወገግ ገዳም ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከገዳሙም ከባቡሩም የራቀ፣ ነገር ግን ከከተማው ወጣት እጅ የማይለይ ነገር ነው። ይኸውም በእጅ ስልክ ቪዲዮ እያወረዱ ማስቀመጥ፣ ይህም ሥራ በድንገት ሲቆም ምክንያቱን መርምሮ ማግኘት ነው።

ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ ተራ መስሎ ይታየው ይሆናል። ሆኖም መስመር በሚቆራረጥበት፣ ፓኬጅም በሜጋባይት ተቆጥሮ በሚገዛበት ቦታ ቪዲዮ ማውረድ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ ተማሪ ኔትወርክ በተገኘበት ሰዓት ያወረደውን የፊዚክስ ትምህርት ማታ ያለ ኢንተርኔት ደጋግሞ ያየዋል፤ ለጓደኛውም በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ካርድ ያለ ክፍያ ያስተላልፍለታል። ስለዚህ አንድ ስልክ ማውረድ ሲያቆም የሚጎዳው ባለስልኩ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ የሚቀበሉት ሁሉ ናቸው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጥ ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ የሚያስታውስ ሰው፣ ተጨማሪ ትምህርት የሚገኝበት በር ሲዘጋ ምን ያህል እንደሚያሳስብ ይረዳል።

የጥናታችን መነሻ

በክረምት ዕረፍት በአሰቦት ሳለን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የአባቱን ስልክ ይዞ ወደ እኛ መጣ። ያወርድበት የነበረው አፕ ሥራውን ካቆመ ሳምንት አልፎት ነበር። ቪዲዮዎቹም በስልኩ ላይ መከፈት ትተዋል፤ ቴሌግራም ግን እንደ ወትሮው ይሠራል። ያማከራቸው ሰዎች ሁሉ «ተዘግቷል» ብለውታል። አንድ ባልንጀራው ደግሞ የአፑን «አዲስ እትም» በቴሌግራም ልኮለት ለመጫን ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያው ስልክ ላይ የአባቱ የቴሌብር ሒሳብ መኖሩን ስንሰማ ፋይሉን ሳይጭን እንዲቆይ ለመንነው። ስልኩ ምን እንደ ሆነ ከማስረዳታችን በፊት ግን ቪዲዮ እንዴት እንደሚወርድ መግለጥ ያስፈልጋል።

ቪዲዮ እንዴት ይወርዳል

ብዙ ሰው ቪዲዮ እንደ አንድ ዕቃ ተጠቅልሎ በአንድ አድራሻ የተቀመጠ ይመስለዋል። ዛሬ በትላልቆቹ የቪዲዮ አገልግሎቶች ዘንድ ነገሩ እንዲህ አይደለም። አሠራሩ ይልቁን የአሰቦት ሰው በሚያውቀው በዕቃ ባቡር ይመሰላል። ቪዲዮው እያንዳንዳቸው ጥቂት ሴኮንድ በሚይዙ ክፍሎች ተከፋፍሎ እንደ ፉርጎ ተራ በተራ ይመጣል። ከፍ ያለ ጥራት ያለው ከሆነ ደግሞ ምስሉ በአንድ፣ ድምፁ በሌላ ባቡር ይመጣና ስልኩ ሁለቱን አገናኝቶ ያሳያል። የሚያወርደው አፕ እነዚህን ሁለቱን አምጥቶ ማጣመር አለበት። ማጣመሩን ካልቻለ ድምፅ የሌለው ምስል ይቀራል።

ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ጉዞ ቲኬት አለው። ዩቲዩብ ለአንድ ስልክ የሚሰጠው የቪዲዮ አድራሻ በውስጡ የሚያልፍበት ሰዓትና የጠያቂው የኢንተርኔት ቁጥር ተጽፎበታል። ሰዓቱ ካለፈ ወይም ቁጥሩ ከተለወጠ ቲኬቱ አይሠራም። በመካከል ከአንዱ ሲም ወደ ሌላው፣ ለምሳሌ ከኢትዮ ቴሌኮም ወደ ሳፋሪኮም የተዛወረ ሰው ቁጥሩ ስለሚለወጥ በአሮጌው ቲኬት መቀጠል አይችልም። ስልኩ «403» የሚል ቁጥር ካሳየ ትርጉሙ «አገልጋዩ ጥያቄህን ሰምቷል፤ ግን አልፈቀደም» ማለት ነው። «404» ደግሞ የተጠየቀው ነገር በዚያ አድራሻ የለም ማለት ነው።

ስለ መቆሙ ምክንያቶች

ምክንያቶቹ ብዙ ቢመስሉም በአራት ወገን ይጠቃለላሉ፤ እነርሱም መስመሩ፣ ስልኩ፣ አፑና የቪዲዮው ባለቤት ናቸው።

1ኛ. መስመሩ። ኔትወርክ ሲደክም ወይም ፓኬጅ ሲያልቅ ማውረድ መቋረጡ ግልጽ ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው የኪሳራው ስሌት ነው። 200 ሜጋባይት የሚመዝን ትምህርት 150 ላይ ተቋርጦ እንደገና ከመጀመሪያው ቢጀመር ተማሪው በጠቅላላው 350 ሜጋባይት ይከፍላል፤ ከቆመበት የሚቀጥል አፕ ቢኖረው ግን 200 ብቻ ይበቃዋል። መስመሩ በመንግሥት ትእዛዝ የሚዘጋበትም ጊዜ ነበረ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ታግደው እስከ ሐምሌ ቆይተዋል። ሰዎች ቪዲዮ እንቢ ባለ ቁጥር «ተዘግቷል» ማለታቸው ከዚህ ልምድ የመጣ ነው እንጂ ከንቱ ጥርጣሬ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ዩቲዩብ ብቻ ሳይሆን ቴሌግራምም ጭምር ታግዶ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል።

2ኛ. ስልኩ። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይመረመራሉ። የመጀመሪያው ቦታ ነው። ሚሞሪው ከሞላ ማውረድ ይቆማል። ከዚህም ሌላ እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዙ ሚሞሪ ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናዱበት ሥርዓት 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ ቦታ ቢኖርም ረጅም ፊልም እዚያ ወሰን ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው የስልኩ ዕድሜ ነው። የኢንተርኔት አገልጋዮች ማንነታቸውን የሚያስረዱበት የምስክር ወረቀት አላቸው፤ ስልኩም የሚያምናቸውን የምስክር ሰጪዎች ዝርዝር ከፋብሪካው ይዞ ይወጣል። ብዙ አገልጋዮች የሚጠቀሙበት ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ምስክር ሰጪ ከአንድሮይድ 7.1 በታች ባሉ ስልኮች ዘንድ ይታወቅ የነበረበት ድልድይ በመስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ በእነዚህ አሮጌ ስልኮች ላይ አንዳንድ አድራሻዎች ያለ ሌላ ጥፋት መከፈት ትተዋል።

ሦስተኛው፣ ለአገራችን ልዩ የሆነው፣ የቀን አቆጣጠር ነው። የምስክር ወረቀቱ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን አለው። ስልኩ ዛሬ ስንት ቀን እንደ ሆነ የሚያምነው ባለቤቱ የሞላለትን ነው። አንድ ሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያለውን ዓመት በፈረንጆቹ ዓመት ቦታ ላይ ቢሞላ ስልኩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ የምስክር ወረቀቱ ገና ያልተሰጠ ይመስለውና ከአገልጋዩ ጋር አልገናኝም ይላል። ቴሌግራም ግን መልእክት የሚያስተላልፍበት የራሱ ሥርዓት ስላለው የሰዓቱን ስሕተት ችሎ ሊሠራ ይችላል።

3ኛ. አፑ። ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት ይህ ነው። ቪዲዮ የሚያወርዱ ፕሮግራሞች ከአገልግሎቱ ባለቤት ጋር ስምምነት የላቸውም፤ የሚሠሩት የገጹን አሠራር በማጥናት ነው። ባለቤቱ አሠራሩን በለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙ ይስታል። ዩቲዩብ-ዲኤል የተባለው ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የመጨረሻው መደበኛ እትሙ የወጣው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዩቲዩብ በ2015 ዓ.ም. ገጹን በጥቂቱ ሲለውጥ ይህ እትም የጫኚውን ስም ማግኘት አቅቶት ሥራውን አቆመ። ከእርሱ የተወለደው ዋይቲ-ዲኤልፒ ግን ቶሎ ቶሎ ስለሚታደስ ቀጥሏል። እርሱም ቢሆን ከኅዳር 2018 ዓ.ም. ወዲህ ከዩቲዩብ በሙሉ ኃይሉ ለማውረድ የጃቫስክሪፕትን ትእዛዝ የሚያስኬድ ሌላ ፕሮግራም አብሮት እንዲጫን ይጠይቃል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማውረዱ ፈጽሞ ሳይቆም ይንቀራፈፋል። አፑ የአገልግሎቱን እንቆቅልሽ ካልፈታ ዩቲዩብ ፍጥነቱን በሴኮንድ ወደ 50 ኪሎባይት ያህል የሚያወርድበት አሠራር አለው፤ በዚህ ፍጥነት 180 ሜጋባይት ለማውረድ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ተጠቃሚው ኔትወርኩን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የአፑ ማርጀት ነው።

4ኛ. ባለቤቱ። ቪዲዮው ተሰርዞ፣ ለተወሰኑ አገሮች ብቻ ተፈቅዶ ወይም ለአባላት ብቻ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ይህ ሲሆን የትኛውንም አፕ ቢለውጡ ትርፉ ድካም ነው።

የመመርመር ሥርዓት

በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ፍተሻ ከአራቱ ወገን አንዱን እንዲያስወግድ ሆኖ በተራ መደረግ አለበት። እኛ የምናቀርበው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

ሀ) በመጀመሪያ የስልኩን ቀንና ዓመት ማየት። አንድ ደቂቃ እንኳ የማይፈጅና ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ስለ ሆነ ይቀድማል። ቀኑ በራሱ ከኔትወርኩ እንዲሞላ ማድረግ ይሻላል።

ለ) ቪዲዮው ሳይወርድ በራሱ ገጽ ላይ ይታይ እንደ ሆነ መሞከር። ከታየ መስመሩም ባለቤቱም ነጻ ናቸው፤ ጥፋቱ በአፑ ወይም በስልኩ ቦታ ላይ ነው። ካልታየ ሌላ ቪዲዮ መክፈት። ሌላው ከተከፈተ ችግሩ የዚያ ቪዲዮ ብቻ ነው።

ሐ) ምንም ቪዲዮ ካልተከፈተ ያንኑ ሲም በሌላ ስልክ ላይ መሞከር። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ የስልኩ ነው፤ እዚያም ካልሠራ የመስመሩ ወይም የፓኬጁ ነው።

መ) ቪዲዮው እየታየ ካልወረደ በቅድሚያ ባዶ ቦታን ማየት፣ ቀጥሎ አሮጌውን ሊንክ ትቶ እንደ አዲስ መገልበጥ፣ በመጨረሻም አፑን ማደስ።

ሠ) ወርዶ ካልተከፈተ ፋይሉ የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ቪፒ9 ወይም ኤቪ1 በተባሉት አዳዲስ ዘዴዎች የተጨመቀ ቪዲዮ በአሮጌ ስልክ ላይ ላይከፈት ይችላል፤ ዝቅ ያለ ጥራት ያለውን በኤች.264 መርጦ ማውረድ ይረዳል።

ወደ ተማሪው ስልክ እንመለስ። ቀኑን ስናይ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሆኖ አገኘነው። ባትሪው ፈጽሞ ባለቀ ጊዜ ቀኑ ጠፍቶ ኖሮ ታናሽ ወንድሙ በእኛው አቆጣጠር ሞልቶታል። ቀኑ ሲስተካከል ቪዲዮዎቹ ወዲያው ተከፈቱ፤ የሚያወርደው አፕ ግን አሁንም 403 አለ። ጥፋቱ ሁለት ነበር ማለት ነው፤ አፑም አርጅቷል። አንዱ ጥፋት ሌላውን ሸፍኖት ስለ ነበር አንዱን ብቻ ያስተካከለ ሰው «አልረዳም» ብሎ ወደ ተሳሳተ መንገድ ይመለስ ነበር። ከዚህ የምንማረው አንድ ፍተሻ ካለፈ በኋላ ምርመራውን እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር እንደሚገባ ነው።

ስለ ጥንቃቄና ስለ ሕግ

አፕ የሚቆምበት ቀን ለስልኩ ባለቤት እጅግ አደገኛው ቀን ነው፤ የቸኮለ ሰው ማንም የላከለትን ፋይል ይጭናልና። እንደ ቪድሜትና ስናፕቲዩብ ያሉት በአገራችን የታወቁ አፖች በጉግል ፕሌይ ስቶር አይገኙም፤ ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። በመካከል ማን ምን እንደ ጨመረባቸው ተቀባዩ አያውቅም። አፕስትሪም የተባለው ኩባንያ በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. ባወጣቸው መግለጫዎች ሁለቱ አፖች ተጠቃሚው ሳያውቅ ከጀርባ ማስታወቂያ እንደሚጫኑና የክፍያ አገልግሎት እንደሚያስመዘግቡ ገልጦ ነበር፤ አዘጋጆቹ በበኩላቸው ጥፋቱን በሦስተኛ ወገን ፕሮግራም አመካኝተዋል። ማንኛውም ቪዲዮ አውራጅ አፕ የአጭር መልእክት፣ የስልክ ማውጫና የ«ተደራሽነት» ፈቃድ ቢጠይቅ አይሰጠው። የገንዘብ ሒሳብ ያለበት ስልክና ለሙከራ የሚሆን ስልክ ቢለያዩ መልካም ነው።

ሕጉንም መዘንጋት አይገባም። የዩቲዩብ የአጠቃቀም ውል ያለ ፈቃድ ማውረድን ይከለክላል። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውንና የከያኒውን መብት ያስከብራል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአሜሪካ የሙዚቃ ቀረጻ ኩባንያዎች ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ ዩቲዩብ-ዲኤል ጊትሀብ ከተባለው ማከማቻ ተነሥቶ፣ ከጥቂት ሳምንት ክርክር በኋላ በኅዳር 7 ቀን ተመልሷል። ስለዚህ መሣሪያውና አጠቃቀሙ ተለይተው ሊታዩ ይገባል። አስተማሪው ራሱ እንዲሰራጭ የፈቀደውን ትምህርት ማውረድና አዲስ የወጣ የዘፋኝ ሥራ በሚሞሪ ጭኖ መሸጥ አንድ አይደሉም።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተገለጠው ማውረድ መቆሙ አንድ በሽታ ሳይሆን የአራት በሽታዎች ምልክት ነው። ከሁሉ በፊት ነገሩን «ተዘግቷል» ወይም «ተበላሽቷል» በሚል አንድ ቃል ከመደምደም መቆጠብ ይገባል። በአሰቦት ያገኘነው ስልክ የተዳነው አዲስ ነገር በመጫን ሳይሆን የቀን መቁጠሪያውን በማስተካከልና አፑን ከአዘጋጁ ከራሱ ገጽ በማደስ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። አውራጅ አፕ ዛሬ ቢታደስ ነገ እንደገና ይቆማል፤ ጠባዩ ይህ ነውና። ስለዚህ መምህራኖቻችንና ባልንጀሮቻችን ያዘጋጁዋቸውን ትምህርቶች በአነስተኛ መጠን፣ በግልጽ ፈቃድ፣ በቀጥታ እንደ ፋይል ቢሰጡ፣ በየትምህርት ቤቱም አንድ ሚሞሪ ካርድ ቢቀመጥ፣ የአሰቦት ተማሪ የሌላ አገር ኩባንያ ገጹን በለወጠ ቁጥር ትምህርቱን ባላቋረጠ ነበር። ይህ ሥራ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም፤ በሚቀጥለው ክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ ልንጀምረው እንችላለን።