የጉራጌ መስቀል ጓዳ

ክትፎ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚታዘዝ ምግብ ነው። ዋና ወቅቱ ግን መስከረም፣ ቤቱም የጉራጌ ጓዳ ነው። በዚያ ጓዳ ሥጋ መክተፍ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ከእሱ በፊት ወራት የፈጀ የሴቶች ልፋት አለ።

ዋናው ልፋት ከእንሰት በሚሠራው ቆጮ ላይ ነው። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። ሲደርስ ሴቶች ግንዱን ይፍቃሉ፣ ሥሩን ይከትፋሉ፤ ከዚያ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ቀብረው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ያብላሉታል። ከተፋቀው የሚጨመቀው ፈሳሽ ሲዘቅጥ ከሥሩ ነጭ ሊጥ ይተዋል፤ ለገንፎ የሚፈለገው ቡላ ይህ ነው። ቆጮው ሊጋገር ሲል እንደገና ይጨመቃል፣ ቃጫው በቢላዋ ተከትክቶ ይለቀማል፣ በቅጠል ተጠቅልሎም ምጣድ ላይ ይወጣል። ጥሩ ቆጮ ኮምጠጥ ይላል እንጂ አይጎመዝዝም፤ ቃጫውም ጥርስ ውስጥ አይገባም።

ቅቤውም በአንድ ቀን አይገኝም። አንዲት ላም ያላት ሴት ብቻዋን ለበዓል የሚበቃ ስለማታጠራቅም ከጎረቤቶቿ ጋር ውጆ ትገባለች፤ ሁሉም ያዋጡትን በየተራ ይወስዳሉ። ወንዶቹም በበኩላቸው ለሰንጋው ገንዘብ ያስቀምጣሉ። ቅቤው ሲነጠር ኮረሪማና ኮሰረት ይገባበታል። ኮሰረት የጎደለው ቅቤ ለእኔ የክትፎ ቅቤ አይደለም።

የመስቀል በዓል ሲደርስ ማዕዱ ከሥጋ አይጀምርም። መስከረም 14 ደንጌሳት የሚባለው ምሽት ነው፤ የሚበላውም የጎመን ክትፎ ነው፦ ተቀቅሎ በደቃቁ የተከተፈ ጎመን፣ ከአይብና ከቅቤ ጋር። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማባያ ብቻ ያየዋል፤ እኔ ግን በጣዕም ከሥጋው አላሳንሰውም። በማግስቱ ወኸመያ ነው፣ እርዱ የሚፈጸምበት ቀን። ከስብና ከጅማት የጸዳ ቀይ ሥጋ በቢላዋ ይደቃል፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ይታሻል፣ በጣባ ይቀርባል። ጥሬ የማይስማማው ለብ ለብ ያስደርጋል።

ክትፎ ቤት ስትገቡ ቆጮውን አስቀድማችሁ ለብቻው ቅመሱት፤ ጎመኑንም አትተዉት። የመስቀል ጓዳ የምታውቅ እናት ወይም አክስት ያለችው ደግሞ ዘንድሮ መስከረም ሳይገባ አጠገቧ ይቀመጥና ቅቤ አነጣጠሩን ይማር።