መንደሩ ጠፍቶ ቤተ ክርስቲያኑ የቀረበት አጥቢያ

በሰሜን እንግሊዝ አገር፥ በዮርክሽር ግዛት፥ ዎልድስ በሚባለው የኖራ ድንጋይ ደጋ ውስጥ ዋራም ፐርሲ የተባለ ሥፍራ አለ። መንገደኛው መኪናውን ትቶ በእግሩ ቁልቁል ወርዶ ከሸለቆው ሲደርስ ጣራ የሌለው፥ የደወል ግንቡም እኩሌታው የፈረሰ አንድ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። በአጠገቡም ከምንጭ ውኃ የሚሞላ ኩሬ ይታያል። መንደር ግን የለም። ቤተ ክርስቲያንን ከምእመናን ጋር አንድ አድርገን ማየት ለለመድን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ሕዝብ የሌለው አጥቢያ እንደ ምን ሊኖር ይችላል?

መልሱ ከሣሩ ሥር ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ዳገት ላይ ሣር የለበሱ ዝቅተኛ ጕብታዎች ተራ ይዘው ይታያሉ፤ እነርሱም የጥንት ቤቶች መሠረትና የግቢ አጥሮች ናቸው። በመካከላቸው የሚያልፈው ጐድጓዳ መሥመር ለብዙ ዘመን የሰውና የከብት እግር የቦረቦረው የመንደሩ መንገድ ነው። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያሉ የጠፉ መንደሮች እስከ 3,000 ይደርሳሉ፤ ከሁሉም አብልጦ የተመረመረው ግን ይህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሞሪስ ቤሪስፎርድ የተባሉት የሊድስ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ታሪክ መምህር ወደ ሥፍራው የመጡት በ1948 ሲሆን፥ መቈፈር የጀመሩት በ1950 ነው። ጥቂት ቈይቶም ጆን ኸርስት የተባሉት የቅርስ ጥናት ሊቅ ተባበሯቸው። ሁለቱም ከፈቃደኛ ሠራተኞች ጋር በየበጋው እየተመለሱ እስከ 1990 ድረስ 40 ዓመት ያህል ደከሙበት። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ ግድግዳ ፈልጎ በጠባብ ጉድጓድ መከተል ነበር። በዋራም ግን ድንጋዩ ከሣሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሚገኝና አንዱ ቤት በሌላው ላይ ደጋግሞ ስለ ተሠራ ይህ ዘዴ አላዋጣም፤ ስለዚህ የአንዱን ቤት ቦታ በሙሉ ገልጠው፥ አፈሩን ንብርብር በንብርብር እያነሡ፥ የእያንዳንዱን ድንጋይና ገል ሥፍራ መዘገቡ። ተፍቆ ሁለተኛና ሦስተኛ የተጻፈበትን ብራና ያየ ሰው የሥራቸውን አስቸጋሪነት ይረዳዋል። የተገኘውም ቤት ረዘም ያለ ነበር፤ በአንደኛው ጫፍ ቤተ ሰቡ፥ በሁለተኛው ጫፍ ከብቱ ያድር ነበር ተብሎ ይታመናል፤ ይህም ለደጋ ሰው የሚያስገርም አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ግን በቅዱስ ማርቲን ስም የተሰየመው ቤተ ክርስቲያን ነው። ወለሉ ተቈፍሮ በተመረመረ ጊዜ በመጀመሪያ፥ በ10ኛው ምዕት ዓመት ገደማ፥ ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንደ ነበረች፥ በኋላም በእርስዋ ፈንታ ታናሽ የድንጋይ ሕንፃ እንደ ቆመ ታወቀ። በ12ኛው ምዕት ዓመት ይህ ደግሞ በሰፊ ሕንፃ ተተካ። ምእመናን ሲበዙም የደቡቡና የሰሜኑ ግድግዳ በቅስት እየተከፈተ በግራና በቀኝ ክንፍ ተጨመረለት። ይህ አጥቢያ የዋራምን ሰዎች ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ሌሎች አራት መንደሮችም ያገለግል ነበር። ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ፤ ክንፎቹ በየጊዜው ፈረሱ፥ ቅስቶቹ በድንጋይ ተደፈኑ፥ መቅደሱም አጠረ። ዛሬ ከውጭ የቆመ ሰው የተደፈኑትን ቅስቶች በዓይኑ ሊያያቸው ይችላል። የምእመናኑን መብዛትና ማነስ የሚገልጽ የቍጥር መዝገብ ባይገኝ እንኳ ግድግዳው መዝገብ ሆኖ ቆይቷል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወደ 700 የሚጠጋ ዐፅም ወጥቶ ተጠንቷል። መቃብር መክፈት ልብን የሚከብድ ነገር መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ዜና መዋዕል ጸሓፊ ስለ እነዚህ ገበሬዎች አንዲት ቃል ስላልተወልን ከዐፅማቸው በቀር የሚነግርልን የለም። በአጥንታቸው ላይ በተደረገው ጥናት እናቶች ልጆቻቸውን እስከ 18 ወር ያህል ያጠቡ እንደ ነበር ተረጋግጧል። ጡት ከጣሉ በኋላ ግን ችግር ይጀምራል፤ የ14 ዓመት ልጅ ቁመቱ የዛሬውን የ10 ዓመት ልጅ ያህል ነበር። አንድ 40 ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ደግሞ ራሱን በብርቱ ተመትቶ፥ የራስ ቅሉ ተከፍቶ ታክሞ፥ ቍስሉ ሽሮለት ብዙ ጊዜ ኖሯል። ይህም የሆነው በ960 እና በ1100 መካከል ነው። በዚያ ዘመን በገጠር እንዲህ ያለ ሐኪም መገኘቱ ሊቃውንቱን አስደንቋል።

ከዚሁ ሁሉ የሚከብድ ሌላ ነገርም አለ። ከመቃብሩ ግቢ ውጭ፥ በመንደሩ ውስጥ፥ ቢያንስ የ10 ሰዎች የሆኑ 137 የአጥንት ስብርባሪዎች ተገኝተው ነበር፤ የቢላዋና የእሳት ምልክትም ነበረባቸው። ጥናቱ በ2017 በወጣ ጊዜ ተመራማሪዎቹ ለነገሩ ይበልጥ የሚስማማው ምክንያት፥ ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን ይጐዳሉ የሚለው ፍርሃት ነው አሉ። የጥርሶቹም ምርመራ ሰዎቹ እዚያው አካባቢ ያደጉ እንጂ ባዕዳን እንዳልነበሩ አሳየ። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የሚኖር ሕዝብ የገዛ ጎረቤቱን ሬሳ እስከ መቈራረጥ የሚያደርሰው ፍርሃት በልቡ ነበረ ማለት ነው።

መንደሩን ያጠፋው ምንድር ነው? ብዙ ሰው በ1348 እና በ1349 እንግሊዝን የፈጀውን ታላቅ ወረርሽኝ ያመካኛል። በእርግጥ ወረርሽኙ ዋራምንም ጐድቷል፤ ነገር ግን መቶ ዓመት አልፎ በ1458 እንኳ 16 ያህል ቤቶች ሰው ነበረባቸው። የመጨረሻው ምት የመጣው ከበጎች ነው። ሕዝብ ስለ ቀነሰ የእህል ዋጋ ረክሶ፥ የሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ተወድዶ ነበር፤ ለሱፍ ግን ሁልጊዜ ገበያ ነበረው፤ ብዙ አራሽ የሚጠይቀውን ማሳም አንድ እረኛ ከውሻው ጋር ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ ባላባቱ ጭሰኞቹን አስነሥቶ እርሻውን ግጦሽ አደረገው። በ1517 የንጉሡ መርማሪዎች በዋራም አራት ማረሻ ሥራ መፍታቱንና አራት የገበሬ ቤት መፍረሱን መዘገቡ። የተነሡት ቤተ ሰቦች ወዴት እንደ ሄዱ መዝገቡ አይናገርም፤ እኔን ከሁሉ አብልጦ ያሳዘነኝ ይህ ዝምታ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግን አገልግሎቱን አላቋረጠም። የቲክሰንዴል ሰዎች ልጆቻቸውን ለጥምቀት፥ ሙታናቸውን ለመቃብር በእነዚያ ባዶ ጕብታዎች አጠገብ እያለፉ ያመጡ ነበር። በ1870 በመንደራቸው የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ተሠራላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ዋራም የሚወርደው ሰው እየቀነሰ ሄደ። የመጨረሻው መደበኛ አገልግሎት በ1949 ተፈጸመ፤ በ1959 የደወል ግንቡ እኩሌታ ተናደ። የቀረውን የመንግሥት የቅርስ ጠባቂዎች አጠናክረው አቁመውታል። አጥቢያው ያገለግላቸው ከነበሩት ከአምስቱ መንደሮች ውስጥ ዛሬ መንደር ሆኖ የሚገኘው ቲክሰንዴል ብቻ ነው።