ቡሬ ላይ የተውናት አማና

በወሎ ቤተሰብ መካከል ሰባ ሰባት ተብሎ ሲጠራ ትልልቆቹ ዝም ይላሉ። ዓመቱ የረሃብም የሰፈራም ዓመት ነው። በ1977 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ድርቅ ከመታቸው አገሮች ሕዝብ እያነሳ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ማጓጓዝ ጀመረ። ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም. የተወሰደው ሰው ወደ 600 ሺህ ይጠጋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ80 ሺህ የማያንሱት የሰፈሩት ያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ ነው። ሥፍራው ፓዌ ይባላል። የእኛም ቤተሰብ ከእነርሱ አንዱ ነበር።

ከ32 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2009 ዓ.ም.፣ እናታችንን ይዘን በዚያው መንገድ ተመለስን። እኛ ያደግንበትን መንደር ልናይ ነበር የተነሳነው። እርሷ ግን ሐሳቧ ሌላ ነበር። ቡሬ ላይ የተወቻትን ልጇን ፍለጋ ነው የመጣችው።

ከመርካቶ አንድ ጣቃ ነጭ አቡጀዲ ገዝታ ከጓዟ ጋር ይዛ ነበር። «ለምንሽ ነው?» ብንላት «ስንደርስ ታያላችሁ» አለችን።

አዳራችን ፍኖተ ሰላም ሆነ። የከተማዋ ስም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ እናታችን መስጊያዋን ሳታጥፍ ቁጭ ብላ አገኘናት። ሌሊቱን አልተኛችም። ጉዞ ስንጀምር በየደጁ የተሰጣውን ቀይ በርበሬ፣ ሰፊውን የእርሻ መሬት እያየች «ይህን ሁሉ በዚህ አልፌ አላየሁትም። ያየሁት የፊተኛውን ወንበር ጀርባና የልጄን ፊት ብቻ ነው» አለች።

የዚያን ቀን የሆነው

ታናሽ እህታችን የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ኩፍኝ የያዛት ከመጠለያው ሳንወጣ ነው። አውቶብሱ ቡሬ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በእናታችን እቅፍ ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። መኪኖቹ ውኃ ለመቅዳት ሲቆሙ እናታችን ወርዳ ልትቀብራት ጠየቀች። ኃላፊው መኪናው እንደማይጠብቃት ነገራት። አባታችን በሌላ አውቶብስ ቀድሞ ሄዷል፤ እኛ ሁለታችን መኪናው ውስጥ ነን።

ሴቶቹ ተህሊል ሲያሰሙ ከገበያው በኩል ሁለት ነጋዴዎች መጡ። አንደኛው «እኅቴ፣ ለእኛ ስጪን። ሴቶቻችን ያጥቧታል፣ እንከፍናታለን፣ ሰግደንባት እንቀብራታለን። አላህ ምስክራችን ነው፣ አማና ናት» አላት። እናታችን ለከፈን እንዲሆን ነጠላዋን አውልቃ ሰጠች። ሰውየው ግን መልሶ በትከሻዋ ላይ ጣለላት፤ «የምትሄጂበት ሩቅ ነው፣ ሌሊት ይበርድሻል። ከፈኑ በእኛ ነው» አለ። አንዲት ክርስቲያን የአገሩ ሴት ደግሞ ለእኛ ቆሎና በቅል ወተት አቀበለችን። ከዚያ መኪናው ሄደ።

እናታችን 32 ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ አልለቀቃትም። ልጄ ታጥባ ይሆን? ተሰግዶባት ይሆን? ወይስ ሰዎቹ እኔን ለማጽናናት ብቻ ነው የተናገሩት?

መልሱ

ቡሬ መስጊድ ዙህርን ሰግደን ጉዳያችንን ለኢማሙ ነገርን። እርሳቸውም ለጀማዓው አሰሙ። ጢማቸው የሸበተ አንድ አባት ከኋላ ተነስተው ወደ እኛ መጡ። በ77 ወጣት ነበሩ። የሰፈራ መኪኖች በሚያልፉበት ጊዜ አባታቸውና ጥቂት ነጋዴዎች በየሱቃቸው አቡጀዲ ቀድደው ያስቀምጡ እንደነበር ነገሩን፤ ከመንገደኛው የሚሞት ስለማይጠፋ ነው።

ወደ ቀብሩ ይዘውን ሄዱ። በአንድ ጥግ፣ ሣር የዋጣቸው ትንንሽ ድንጋዮች በረድፍ ተተክለዋል። «ሕፃናቱ እነዚህ ናቸው» አሉ። ከዚያ ወደ እናታችን ዞረው፣ «እኅቴ፣ ያንቺ የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም። አውቃለሁ ብል እዋሻለሁ። ሳይታጠብና ሳይሰገድበት እዚህ የገባ ግን የለም፤ ውኃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ» አሏት።

እናታችን አላለቀሰችም። በቀብሩ ላሉት ሁሉ ሰላምታ አቀረበች። ከዚያም በረድፉ ጫፍ ጀምራ በእያንዳንዱ ድንጋይ አጠገብ እየቆመች ዱዓ አደረገች። «ሁሉም እናት አላቸው፤ የአንዳቸው እናት መምጣት ካልቻለች እኔ መጥቻለሁ» አለችን። ስንመለስ ጣቃውን አቡጀዲ ለኢማሙ ሰጠች፤ ወገን ለሌለው መንገደኛ ከፈን እንዲሆን።

በማግስቱ በእንጅባራና በቻግኒ አድርገን ፓዌ ገባን። ነዋሪው መንደሮቹን ዛሬም በቁጥራቸው ይጠራቸዋል። ጣሊያኖች የሠሩት ሆስፒታል ሕመምተኛ ይቀበላል። በወባ ስንት ጎረቤት እንደቀበርን እናታችን በጣቷ ቆጠረች። አንድ ነገርም አስታወሰችን፤ መሬቱ ባዶ አልነበረም፣ የጉሙዝ ሕዝብ አገር ነው፤ እኛ ተፈናቅለን ስንመጣ እነርሱም ከማሳቸውና ከአደናቸው ተገፍተዋል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ብዙው ሰፋሪ ሲወጣ እኛም ወጣን። ቤታችን የለም፤ አባታችን የተከለው ማንጎ ግን ቆሟል።

መመለስ ለምን ይጠቅማል?

ወደ መከራው ሥፍራ የሚመለሱ ሌሎችም አሉ። የማሌዥያዋ ቢዶንግ ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1991 ከቬትናም በጀልባ የሸሹ ሰዎች መጠለያ ነበረች። ለ4,500 ሰው የታሰበችው ደሴት በ1979 አጋማሽ 40 ሺህ የሚጠጋ ሰው ታጭቆባት ነበር። የማሌዥያ ቀይ ጨረቃ ማኅበር በዚያ አገልግሏል። የያኔዎቹ ስደተኞች ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘው ከሩቅ አገር እየመጡ የወገኖቻቸውን መቃብር ይዘይራሉ።

ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ነገሩ ከቤታችን የወጣ ነው። የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ በአገራችን ዓመታት ኖረዋል፣ ወልደዋል፣ ሙታንም ቀብረዋል። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ወደ መዲና በደረሰች ጊዜ በሂጅራ ቀድመናችኋል ቢሏት አልተቀበለችም። በሩቅ አገር ያዩትን ችግር ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቀረበች፤ እርሳቸውም የመርከቡ ሰዎች ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው አበሰሯት። የስደት ድካም አላህ ዘንድ አይጠፋም። የተቀበለ ሰው ውለታም እንዲሁ።

ይህን ጉዞ ካደረግን ወዲህ በዚያ መንገድ ብዙ ደም ፈሷል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመተከል በተነሳው ግጭት ሰው ዳግመኛ ተፈናቅሎ ቻግኒ ተጠልሏል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ጦርነቱ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬም ደርሷል። አንድ ጊዜ እንግዳ የተቀበሉ ሰዎች ራሳቸው ተቀባይ ፈልገዋል።

ወጣቶች ሆይ! ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉ የት እንዳለፉ፣ ማን ውኃ እንዳጠጣቸው፣ ማንን የት እንደቀበሩ ጠይቋቸው። ደጃችሁ የቆመውን ተፈናቃይም ሃይማኖቱንና ወገኑን ሳትጠይቁ ተቀበሉት። እናታችን ያቺን ነጠላ ዛሬም በሣጥኗ አስቀምጣታለች። የቡሬዎቹ ነጋዴዎች ስማቸውን አልነገሯትም። አላህ ግን ያውቃቸዋል። አማናቸውን ጠብቀዋልና ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው። አሚን።