ፕሮቲኑ ዕድሜ ይቆጥራል?

የደባርቅ ዘመዶቼ የቴሌግራም ግሩፕ ሰሞኑን ጦፏል። የአክስቴ ባል የምግብ ቧንቧ ካንሰር እንዳለባቸው ጎንደር በተሠራ ባዮፕሲ ታወቀ። አንዱ የአጎቴ ልጅ ወዲያው «የፕሮቲን ምርመራ የሚባል አለ፤ ስንት ዓመት እንደሚኖሩ ይነግረናል፣ እናዋጣ» ብሎ ጻፈ። ብር የላኩም አሉ። እሳቸው የሚያውቁት እንጀራው አልወርድ እንዳላቸውና አሁን አጥሚት ብቻ እንደሚጠጡ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ጠይቄም አንብቤም የተረዳሁትን ልንገራችሁ።

በኢንዶስኮፒ የተወሰደችው ናሙና በሰም ትታሸግና ከወረቀት በሳሳ መልኩ ትቆረጣለች። ከዚያ አንድን ፕሮቲን ብቻ ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ ይጨመርባታል። ፕሮቲኑ ካለ ቡናማ ቀለም ይወጣል። ኪ-67 የሚባለው በመከፋፈል ላይ ያሉ ሴሎችን ያሳያል፤ ቡናማው ከበዛ ዕጢው ፈጣን ነው ማለት ነው። ፒ-53 ደግሞ ጂኑ ሲበላሽ ወይ ሴሉ ውስጥ ይከማቻል፣ ወይ ጭራሽ ይጠፋል። ደስ ይላል፤ ግን ሁለቱም ብቻቸውን «እኚህ ሰው ይህን ያህል ይኖራሉ» አይሉም። ጥናቶቹ ራሳቸው እርስ በርስ አይስማሙም። አሁንም ከምንም በላይ የሚናገረው የበሽታው ደረጃ ነው፦ ዕጢው የቧንቧውን ግድግዳ ምን ያህል ዘልቋል? ንፍፊት ወይም ጉበት ደርሷል? ለዚህ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ግሩፑ ላይ «መጀመሪያ ሲቲ!» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ሰው ተቆጣኝ።

ሌሎች ማርከሮች ደግሞ መድኃኒት ለመምረጥ እንጂ ዕድሜ ለመቁጠር አይደሉም። ኸር-2 ትራስቱዙማብ ለተባለው መድኃኒት ነው፤ እሱም ቧንቧው ከጨጓራ በሚገናኝበት አካባቢ ለሚወጣው አዴኖካርሲኖማ። በእኛ አገር ግን፣ በሽታው በብዛት የሚታይባቸውን አርሲና ባሌን ጨምሮ፣ አብዛኛው ታማሚ ያለበት ስኳመስ የሚባለው ዓይነት ነው። የአክስቴ ባልም እንደዚያው። ለስኳመስ የሚታየው ፒዲ-ኤል-1 ነው፤ ከፍ ካለ፣ ከኬሞ ጋር የሚሰጥ ኢሚዩኖቴራፒ ዕድሜ እንደሚያራዝም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ ትልልቅ ጥናቶች አሳይተዋል። የመድኃኒቱ ዋጋ ለደባርቅ ገብስ አምራች? ተዉት። መድኃኒቱን መግዛት ካልቻልን ምርመራው ምን ይረባናል?

ከደባርቅ ወደ ጎንደር ሲወረድ ዳባት ላይ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትና ሞት የሚከታተልበት የምርምር ማዕከል አለው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ስለ ሕመሙ ምልክት ይጠየቃል። የዚህ በሽታ መልስ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ቆሎና ደረቅ ዳቦ አልወርድ ይላል፣ ከዚያ እንጀራ፣ ከዚያ ገንፎ፣ በመጨረሻ ውሃ። (በነገራችን ላይ ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። በደባርቅ ብርድ ቡናው እስኪበርድ የሚጠብቅ ግን አላየሁም።) ለኢንዶስኮፒ የሚኬደው ቆሎው ላይ ነው፤ ውሃው ላይ ሲደረስ ቧንቧው ከጠበበ ቆይቷል።